የአያቴ ጧፍና የክሊቭላንድ ባንክ

ዛሬ የተጠራሁት ስለ ማኅበረሰብ ፋውንዴሽን እንድናገር ነው። ስሙ ትንሽ ይከብዳል። እንዲቀለን ከአያቴ ልጀምር።

አያቴ በ1958 ዓ.ም. ስታርፍ ከምትኖርበት ቤት ጀርባ የምታከራያቸው ሁለት ክፍሎች ነበሯት። ልትሞት ስትል የነፍስ አባቷን አስጠራች፤ ልጆቿ አልጋዋን ከበው ቆመው ተናዘዘች። ከኪራዩ በየዓመቱ 24 ብር ለደብሩ ጧፍና ዕጣን ይግዛ፣ የተረፈው ለልጆቼ ይሁን፣ ይህን ቃሌን ያፈረሰ አይባረክ አለች። ቃሏ ዘጠኝ ዓመት ተከበረ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ሁለቱ ክፍሎች ተወረሱ፤ ተከራዮቹም ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመሩ። አጎቴ ጥቂት ዓመታት 24 ብሩን ከኪሱ ሲያወጣ ቆይቶ እሱም ተወው። እርግማኑ በአጎቴ ላይ ነው የሚያርፈው ወይስ በአዋጁ የሚለው ክርክር በቤታችን ለረጅም ጊዜ የበዓል ጨዋታ ነበር።

አዋጁ ባይወጣስ? እስቲ ዛሬ 24 ብር ይዛችሁ ደጀ ሰላም አጠገብ ከተቀመጠችው ጧፍ ሻጭ ፊት ቁሙ። ቤቱ ባይወረስ ኖሮ ኑዛዜው ቃል በቃል ይከበር ነበር፤ ጧፉ ግን አይበራም ነበር።

ለዘለዓለም የተሰጠ ስጦታ የሚሞተው በሦስት መንገድ ነው። ንብረቱ ይጠፋል፤ የገንዘቡ አቅም ይሟሟል፤ ወይም ገንዘቡም ንብረቱም ደኅና ሆነው የተሰጡበት ችግር ራሱ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሦስተኛው ግን ተንኮለኛ ነው፤ ንግግሬም የሚያጠነጥነው በእሱ ላይ ነው።

እኛ አገር ለዘለዓለም መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር ነገሥታትና እቴጌዎች ለአድባራት ጉልት ሲሰጡ በመዝገቡ መጨረሻ ግዝት ይጻፍ ነበር፤ የነካው፣ የቀማው፣ የለወጠው የተወገዘ ይሁን ይላል። በሙስሊሙ ወገን ደግሞ ወቅፍ አለ፤ የሃይማኖቱ ሊቃውንት የሰጪውን ቃል እንደ ሕግ ድንጋጌ ይቆጥሩታል። ሁለቱም ከአንድ ፍርሃት የመጡ ናቸው፤ እኔ ስሞት ሌላው ይበላዋል የሚል ፍርሃት። እውነታቸውንም ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ጉልት እንደ ሌላው የገጠር መሬት ሁሉ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲቀር የግዝቱ ቃል አላዳነውም።

አሜሪካኖችም ይህን ጣጣ በራሳቸው መንገድ አይተውታል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1790 እ.ኤ.አ. ሲሞት (የውጭውን ዘመን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር እጠራዋለሁ) ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ገንዘቡ ከባለሙያ እጅ ሥር ገብተው ሙያ ለለመዱ፣ ትዳር ለያዙ፣ ዕድሜያቸው ከ25 ላልበለጠ ወጣቶች ከመቶ 5 ወለድ በብድር እየተሰጠ 200 ዓመት እንዲሠራ አዘዘ። ፍራንክሊን ራሱ አታሚ ሆኖ ያደገው እንዲሁ ነበርና የሚያውቀውን ችግር ነው የረዳው። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ችግሩ ፋብሪካ መጣ፤ ከባለሙያ እጅ ሥር ገብቶ ዓመታት የሚማር ወጣት እየጠፋ ሄደ፤ ብድሩን በደንቡ መሠረት የሚወስድ ሰው ማግኘት ራሱ ሥራ ሆነ። በ1990 ሁለት መቶው ዓመት ሲሞላ ቦስተን ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ፊላዴልፊያ ከ2 ሚሊዮን በላይ አግኝተዋል። ገንዘቡ አድጓል፤ የታሰበለት ልጅ ግን የለም።

ይበልጥ የሚያስቀው የብራያን ሙላንፊ ነው። የሴንት ሉዊስ ከንቲባ የነበረ ሀብታም ነው፤ በ1851 ሲሞት ከሀብቱ ሲሶውን በከተማዋ አልፈው ወደ ምዕራብ ለመስፈር ለሚጓዙ ድሃ መንገደኞች ተወ። በዘመኑ ሴንት ሉዊስ የምዕራቡ በር ነበረች፤ በሠረገላ የሚሄደው ቤተሰብ እዚያ ደርሶ ይታመማል፣ ስንቁ ያልቃል፣ በሬው ይሞታል። ከዚያ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ሰው ትኬቱን ቆርጦ ካሊፎርኒያ ገባ። የሙላንፊ ገንዘብ የሠረገላ መንገደኛ ሲጠብቅ ሠረገላው ራሱ ቀረ። በዚሁ ከተማ ውስጥ በረሃብ የሚያድር ነበር፤ ነገር ግን ወደ ምዕራብ አልሄደም።

ሕግ አዋቂዎቻቸው ይህን «የሟች እጅ» ይሉታል። ከመቃብር ወጥቶ ሳጥኑን ቆልፎ የያዘ እጅ ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ጠበቃም ይበላዋል።

አሁን ወደ ክሊቭላንድ እንሂድ። ፍሬድሪክ ጎፍ ጠበቃ ነበር፤ ከደንበኞቹ አንዱ የነዳጅ ከበርቴው ሮክፌለር ነበር። በ1908 ክሊቭላንድ ትረስት የተባለው ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነ። የዚህ ዓይነቱ ባንክ የሟቾችን ገንዘብ በአደራ ያስተዳድራል፤ እናም ጎፍ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ኑዛዜ ሲያይ ከሙላንፊ ዓይነት ጋር በየቀኑ ይገናኝ ነበር ማለት ነው። መፍትሔውን በጥር 1914 አወጣ። የክሊቭላንድ ነዋሪ ሁሉ፣ ሀብታምም ይሁን መካከለኛ፣ ከሞቱ በኋላ ለበጎ ሥራ እንዲውል የሚተወውን በአንድ የጋራ ቋት ያኑር፤ ገንዘቡን ባንኩ ያርባ፤ ፍሬውን ግን ለማን እንደሚሰጥ በየዘመኑ የሚኖሩ የከተማዋ ሰዎች ይወስኑ። ሰጪው ፍላጎቱን ይናገር፤ ይከበርለታል። ቀን ተለውጦ ፍላጎቱ የማይሠራ፣ የማያስፈልግ ወይም የማይቻል ሲሆን ግን ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መንገዱን ማቃናት ይችላል።

የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ነፍሱ ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ሰው ስለነዚህ ተቋማት ሲጠየቅ ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ለድርጅቶች ይሰጣሉ ይላል። ያንንማ ማንም ያደርገዋል። እነዚህን ልዩ የሚያደርጋቸው ሰጪው ገና በሕይወት ሳለ፣ በፊርማው፣ «ስሞት ቃሌን አርሙት» ብሎ መፍቀዱ ነው። አያቴ «ያፈረሰ አይባረክ» ስትል እነሱ «እንደ ዘመኑ ያስተካከለ ይባረክ» አሉ።

ማን ያርም ታዲያ? ጎፍ እዚህ ላይ ብልህ ነበር። የሚያከፋፍለው ኮሚቴ አምስት ሰው ሆነ። ሁለቱን ባንኩ፣ አንዱን ከንቲባው፣ አንዱን የውርስ ጉዳይ ዳኛው፣ አንዱን የፌዴራሉ ዳኛ ይሾሙ ነበር። የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ወይም የሚፈልግ አይገባም ነበር። ከአንድ የሃይማኖት ወገን ከሁለት በላይ አይቀመጡም ነበር። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ፈገግ ብዬ ነበር፤ በ1914 ክሊቭላንድ ካቶሊኩ፣ ፕሮቴስታንቱና አይሁዱ የየራሱ ሆስፒታልና የየራሱ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ያለው ከተማ ነበረች። የጋራ ሙዳይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ቁልፉ በማን ኪስ ይሁን ነው። ይህን እኛም አናጣውም።

የሚገርመው ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቋቱ ባዶ መሆኑ ነው። ሰዎች ተናዘዋል፤ ግን ገና አልሞቱም። ጎፍ ቁጭ ብሎ ለቀብር አልጠበቀም። ከራሱ ኪስ እያወጣ ከተማዋን አስጠና። የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ሁኔታ ተጠንቶ በ1916 በብዙ ጥራዝ ታተመ። ቀጥሎ የከተማዋ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ በነፍስ ግድያ ሲከሰስ ሕዝቡ በፍትሕ ላይ የነበረውን እምነት አጣ፤ ፋውንዴሽኑ የሕግ ሊቁን ሮስኮ ፓውንድንና በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነውን ፊሊክስ ፍራንክፈርተርን አስመጥቶ የወንጀል ፍትሑን አስመረመረ፤ ውጤቱ በ1922 ወጣ። ገና ብዙ ገንዘብ ሳይሰጥ ለከተማዋ መስታወት አሳየ። ለእኔ ይህ ከገንዘቡ ይበልጣል። ብዙ ለጋሽ ስንት እንደሚሰጥ እንጂ ምን እንደጎደለ አይጠይቅም።

ሐሳቡ እንደ ሰደድ ነው የሄደው። ቺካጎና ቦስተን በ1915፣ ኒው ዮርክ በ1924 የራሳቸውን አቋቋሙ። በሰባዎቹ ዋሽንግተን ደረሰ፤ በ1973 የተቋቋመው የዋሽንግተን አካባቢ ፋውንዴሽን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበትን የሞንትጎመሪ አውራጃንም ይሸፍናል። የኢንዲያና ታሪክ ደግሞ ለገጠሬ ይበጃል። በ1990 ሊሊ ኢንዶውመንት የተባለው ትልቅ ድርጅት፣ እናንተ ካዋጣችሁ እኔ እጨምራለሁ ብሎ ለየአውራጃው ቃል ገባ፤ ዛሬ 92ቱም የግዛቲቱ አውራጃዎች የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ያገለግላቸዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከበቆሎ ማሳ በቀር ብዙ የማይታይባቸው ናቸው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ከተሰብሳቢው መካከል የሒሳብ ሰዎች እንዳሉ አይቻለሁ።

አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት 100,000 ዶላር ይዛ ትመጣለች እንበል። የምትመርጠው አላት። ለምንም ይዋል፣ እናንተ ታውቃላችሁ ልትል ትችላለች፤ ፋውንዴሽኑ ከሁሉ የሚወደው ይህን ነው፣ ከሁሉ ያነሰ የሚያገኘውም ይህን ነው። ለዚህ ከተማ ሕፃናት ንባብ ይዋል ልትል ትችላለች። አንድ ቤተ መጻሕፍት ለይታ ልትጠራ፣ ወይም የነፃ ትምህርት ዕድል ልታቋቁም ትችላለች። ገንዘቡ ከሌሎች ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ በአክሲዮንና በቦንድ ይሠራል፤ በመዝገብ ግን የእሷ ስም ለብቻው ይያዛል። ለአስተዳደር ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ አካባቢ ይቆረጣል።

ላሟን ሳያርዱ ወተቷን ለመጠጣት ደንብ አላቸው። በየዓመቱ የሚያወጡት ከመቶ 4 ወይም 5 ብቻ ነው፤ የሚሰላውም በዚያ ዓመት ብቻ ሳይሆን ባለፉት ጥቂት ዓመታት አማካይ ላይ ነው። የአንድ ፈንድ ጥሪት በመጀመሪያው ዓመት 900,000፣ በሁለተኛው 1,000,000 ዶላር ነበር እንበል፤ በሦስተኛው ገበያው ወድቆ 800,000 ሆነ። በዓመቱ ብቻ ብናሰላ ከመቶ 5 የሚወጣው 40,000 ነው። በሦስቱ ዓመት አማካይ ግን 45,000 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ገበያ የሚወድቅበት ዓመት የድሃው ደጅ የሚጨናነቅበት ዓመት ነው፤ ያቺ 5,000 ያን ጊዜ ትፈለጋለች።

ሌላው ደንብ የመንግሥት ነው። የአንድ ቤተሰብ የግል ፋውንዴሽንና የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን በግብር ሕጋቸው አይተካከሉም፤ ሁለተኛው ሰፊ የግብር ቅናሽ ያገኛል። ለዚህም ገንዘቡ ከብዙ ሰው እንደሚመጣ በየጊዜው ማሳየት አለበት። አንድ ከበርቴ ብቻ የሚመግበው ከሆነ የማኅበረሰብ መባሉ ይቀራል። ስለዚህ የሃምሳ ዶላሩ ሰጪ ለገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚፈለገው፤ ቁጥር ውስጥ መግባቱ ራሱ ዋጋ አለው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነው። አሁን ደግሞ ያላማረውን ልንገራችሁ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ርእስ የወደድሁትም በዚህኛው ታሪክ ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ ማሪን የሚባል አውራጃ አለ። ኮረብታ፣ ባሕር፣ ሀብታም ሰፈር። እዚያ የምትኖር ቤሪል በክ የምትባል የሐኪም ሚስት የነበረች መበለት በ1975 ሞተች። ከባሏ ቤተሰብ የወረሰችው ቤልሪጅ የሚባል የነዳጅ ኩባንያ አክሲዮን ነበራት፤ ግምቱ አንድ ሀብታም ሲሞት ከሚተወው ውርስ ብዙም የማይለይ፣ በጥቂት ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር። በኑዛዜዋ ለሳን ፍራንሲስኮ ፋውንዴሽን ሰጠችው፤ በማሪን አውራጃ ላሉ ችግረኞችና ለሌላ በጎ ሥራ፣ ግን በዚያው አውራጃ ውስጥ ብቻ ይዋል አለች።

በ1979 ሼል ቤልሪጅን በ3.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የመበለቲቱ ስጦታ በአንድ ጊዜ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አስቡት። ጎረቤታችሁ ለሰፈሩ ልጆች አንድ በግ ትታ ሞተች፤ በማግሥቱ በጓ መቶ በሬ ሆና ተገኘች።

ሳን ፍራንሲስኮ ፋውንዴሽን የሚያገለግለው አምስት አውራጃ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ኦክላንድ አለች፣ ያን ጊዜ በረሃብና በሥራ አጥነት ትታመስ የነበረች፤ ከድልድዩ ወዲያ ማሪን አለች፣ ከአገሪቱ ባለጸጋ አውራጃዎች አንዷ። ፋውንዴሽኑ ጥቂት ዓመታት የወይዘሮ በክን ገንዘብ በኑዛዜው መሠረት ለማሪን ብቻ ሲሰጥ ቆየ፤ በ1984 ግን ፍርድ ቤት ሄዶ ገንዘቡን ለሌሎቹም አውራጃዎች እንዳካፍል ይፈቀድልኝ አለ። ወይዘሮ በክ ይህን ያህል እንደሚሆን ብታውቅ ኖሮ በአንድ ሀብታም አውራጃ አትወስነውም ነበር የሚል ነው ክርክሩ።

ማሪን ተቆጣ። የአውራጃው አስተዳደር፣ ከገንዘቡ የሚረዱት ማኅበራት፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳይቀር ተቃወሙ። ለሟች ታማኝ ነኝ ያለ ባለ አደራ ቃሏን ሊያፈርስ ተነሣ አሉ። ችሎቱ በ1986 ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ፋውንዴሽኑ አደራውን አስረክቦ ወጣ፤ ማሪን የራሷን የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን አቋቋመች፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ ከ400 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር።

ታሪኩን መጀመሪያ ሳነብ ከሳን ፍራንሲስኮ ወገን ነበርኩ። ረሃብ ድልድይ አይቆጥርም ብዬ። ቆይቼ ሐሳቤን ለወጥሁ፤ ሁለት ነገር አስለወጠኝ። አንደኛው ማሪን ሲቲ የምትባለው ሰፈር ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለመርከብ ሠራተኞች የተሠራች፣ ጥቁሮች በብዛት የቀሩባት፣ በዚያ ሁሉ ሀብት መካከል ድሃ ሆና የኖረች ሰፈር። በሀብታም አውራጃ ውስጥ ያለ ድሃ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳ ድሃ ነው፤ የአውራጃው አማካይ ገቢ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ጎፍ የጻፈው አንቀጽ ነው። ቃልን ማረም የሚፈቀደው ቃሉ የማይሠራ ሲሆን ነው። የወይዘሮ በክ ቃል ይሠራ ነበር። ያልተመቸው ለእኛ የፍትሕ ስሜት ነው። ባለ አደራ የተሻለ ሐሳብ ባገኘ ቁጥር ኑዛዜ የሚከፍት ከሆነ ነገ ማን ይናዘዛል?

ይህን ብዬ ግን ልቤ አላረፈም። ከርክክቡ በኋላ ከገቢው አንድ አምስተኛው በማሪን ውስጥ ሆነው ለሰፊው ዓለም ለሚጠቅሙ ትልልቅ ሥራዎች ተመደበ፤ ከእነሱ አንዱ ስለ እርጅና የሚመራመረው የበክ ተቋም ነው። ኖቫቶ በምትባል ከተማ ኮረብታ ላይ፣ ስመ ጥሩው አርክቴክት አይ ኤም ፔይ በነደፈው ሕንፃ ውስጥ፣ ሳይንቲስቶች ሴል ለምን እንደሚያረጅ ያጠናሉ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ለማሪን ችግረኞች ከተባለው ቃል ጋር ለማገናኘት ግን ረጅም ገመድ ያስፈልጋል። ለኦክላንድ ረሃብተኛ ያልተዘረጋው ቃል ለላቦራቶሪ ተዘረጋ።

ስለዚህ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ዋናው ጥያቄ ገንዘብ አይደለም፤ ማኅበረሰብ የሚባለው ማን ነው ነው። ወሰኑን በወንዝ፣ በድልድይ ወይም በቀበሌ ብታሰምሩት ከወዲያ ማዶ የሚቀር ሰው አለ። ካላሰመራችሁት ደግሞ የእኔ የሚለው ሰው አይኖረውም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ እጅ መጥቷል፤ የሕያው ሀብታም እጅ። በ1931 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ አዲስ ዓይነት ፈንድ ተጀመረ። ሰጪው ገንዘቡን ለፋውንዴሽኑ ያስረክባል፣ የግብር ቅናሹን በዚያው ዓመት ያገኛል፤ ከዚያ ለማን እንደሚሰጥ በፈለገው ጊዜ ምክር ይሰጣል። ምክር ይባል እንጂ እምቢ የሚለው ጥቂት ነው። ከ1991 ወዲህ ደግሞ ፊደሊቲን የመሳሰሉ የገንዘብ ኩባንያዎች ይህንኑ ፈንድ በራሳቸው ያቀርባሉ፤ በየዓመቱ በእነሱ በኩል በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያልፋል። የግል ፋውንዴሽን በዓመት ከመቶ 5 የማውጣት ግዴታ ሲኖርበት በዚህኛው ፈንድ ለተቀመጠ ገንዘብ የጊዜ ገደብ የለም። ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ተሰጥቷል ይባላል፤ ለበጎ አድራጎት ግን ገና አልደረሰም። ጎፍ ከሟች እጅ ያስለቀቀውን ሳጥን ሕያው ሰው ተቀመጠበት። የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖችም ከእነዚህ ጋር መወዳደር ስላለባቸው ከሰፈሩ ድሃ ይልቅ የሰጪውን ፊት ማየት አብዝተዋል ተብለው ይወቀሳሉ። ወቀሳው ሁሉንም ባይመለከት፣ ከሜዳ የተነሣ አይደለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከእናንተ አንዱ ገና ሳልጀምር፣ በር ላይ፣ «ጋሼ፣ እኛ ዕድር አለን፤ ይህ ለምን ያስፈልገናል?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

የዕድራችሁን መጋዘን አስታውሱት። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ የተለበለበ ብረት ድስት፣ ቁጥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ሳህን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሌሊት ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ በየመንደሩ የሚዞር ጡሩንባ ነፊ አለው። መተዳደሪያ ደንቡን ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ ያሻሽለዋል፤ ስለዚህ ጎፍ በ1914 የፈለሰፈው የማረም ሥልጣን ዕድር ዘንድም አለ። በኤች አይ ቪ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ቀብር ብቻ ይብቃ ብለው ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ሲገቡ ማንንም አላስፈቀዱም።

የጎደለው ሁለት ነገር ነው። ዕድር ለአባሉ ነው፤ ወርኃዊውን ያልከፈለ የመንገድ ዳር ልጅ በደንቡ የለም። ደግሞ ብዙው ዕድር ቋሚ ጥሪት የለውም። የዚህ ወር መዋጮ ለዚህ ወር ሐዘን ነው። ፋውንዴሽኑ ጥሪት አለው፣ ጡሩንባ ነፊ ግን የለውም።

በቀን አንድ ዶላር ተብሎ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ለዳያስፖራው የቀረበውን ጥሪ ታስታውሳላችሁ። ከተለያየ ከተማ ያሉ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ወገኖች በአንድ ቋት ሰጡ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ የተሰበሰበው ግን ለፕሮጀክት የሚውል እንጂ የሚቀመጥ ጥሪት አልነበረም። ከጎረቤት ኬንያ ለመማር የሚፈልግ ደግሞ በ1997 የተቋቋመውን የኬንያ ማኅበረሰብ ልማት ፋውንዴሽን ይመልከት፤ የመንደር ማኅበራት የራሳቸውን ቋሚ ፈንድ በእሱ ዘንድ እንዲያኖሩ ይረዳል።

እኛ ጋ ጥሪት ማቆም ለምን ከበደ ከተባለ መልሱ የአያቴ 24 ብር ነው። ለዓመታት የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 ሆኖ ሳለ የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 አልፎ ያውቃል። በዚህ ሒሳብ ላሟን ሳታርዷትም በየዓመቱ ትከሳለች። ባንክ ካስቀመጥነው ይሟሟል፤ ቤት ከገዛንበት የ1967ቱን አልረሳንም። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሩ ሦስተኛ በር ሊሆን ይችላል፤ ገና ሕፃን ነው፣ ቸኩዬ አላመሰግነውም። እስከዚያው ዕድሮቻችን ትንሽ ነገር ቢጀምሩ ደስ ይለኛል፤ ከወርኃዊው ላይ ጥቂት ብር ለይተው በሌላ መዝገብ ማስቀመጥ፣ አባል ላልሆነ የሰፈሩ ችግረኛ ብቻ የሚውል ማድረግ፣ በደንቡ ላይ ደግሞ ይህ ነገር ሳያስፈልግ ሲቀር ጉባኤው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለሌላ ያውለዋል ብሎ መጻፍ። የክሊቭላንድ አንቀጽ በአማርኛ ይኸው ነው። ከሰብሳቢው ወገን የሆነ ሰው ቁልፉን ለብቻው እንዳይዝም አትርሱ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ የአያቴ ደብር ሄጄ ነበር። የአጎቴ መዋጮ ከቆመ ብዙ ዘመን ነውና ስሟ እንደተረሳ እርግጠኛ ነበርኩ። ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ጥግ ከባሕር ዛፉ ሥር ሴቶች ተቀምጠው ለአብነት ተማሪዎች ዳቦ ይቆርሳሉ። ጠጋ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና የማን ዝክር እንደሆነ ጠየቅሁ። አንዲት አሮጊት የአያቴን ስም ጠሩ።

«እማማ፣ እሷ የተናዘዘችው ለጧፍ ነበር እኮ» አልኋቸው።

«ጧፍ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ያመጣል» አሉ። የማኅበራቸው ሴቶች አያቴን የሚያውቁ ነበሩ፤ ገንዘቡ ሲቆም እነሱ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ቀጠሉት፤ ከዚያ በአንድ የችግር ዓመት ልጆቹ ሲራቡ አይተው ወደ ዳቦ አዞሩት።

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ማንን እንጠይቅ ልጄ? እሷ እንደሆነች የለች» አሉና በሰፌዱ ላይ ካለው አንድ ቁራሽ ዘረጉልኝ። «በል ቅመስ፣ ቆመህ አታስጨንቀን።»